ፀደይ ሸኚ

ግንቦት 3 ቀን 1979፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ታክሲ ነዳሁ። ከኤርፖርት ዳውንታውን፣ ከዳውንታውን ኤርፖርት። አንዱ ተሳፋሪ ከየት ነህ አለኝ። ኢትዮጵያ ስለው ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። በልቻለሁ፣ ሁለቴ።

ባለቤቴ ሮማነወርቅ ዛሬም ሥራ ሄደች። ስድስተኛ ወሯ ነው፣ ተይ ብላት አትሰማም። የምትጦራት አሮጊት፣ ሚስስ ኦልሰን፣ ቤቷ ቡሪየን ነው፣ ባሕሩ ዳር። ሁለቱ ደጅ ተቀምጠው አበባ ሲያዩ ይውላሉ። ሮማን የእያንዳንዱን ስም እየጠየቀች ደሴ ላሉት አባቷ ትጽፋለች። አዛውንቱ መምህር የዓለምን ሣር ሁሉ ደብተራቸው ውስጥ ሊያስገቡ ነው መሰል… ፖስታ አድራሹ እኔ።

ግንቦት 12

የእዚህ ያለነው ሐበሾች ሽማግሌ፣ ጋሼ ተክለ ጻድቅ፣ ኮል አደረጉ። ብቻህን ና አሉኝ። የሮማን አባት አርፈዋል። ሳምንት ሆኗቸዋል። ወንድሟ ለእሷ ፈርቶ ለጋሼ ነው የደወለው።

«ሶ፣ እንግዲህ እስክትወልድ ሆድ ይፍጀው» አሉ። «ሁለቴ አስወርዷታል። ሦስተኛውንም መርዶ ይብላው? ከወለደች በኋላ ሰው ተሰብስቦ፣ ሴቶች ደግፈዋት ይነገራታል።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን ልል?

ቤት ስገባ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ ትጽፋለች። ለአባቷ…

ግንቦት 15

ደብዳቤውን ፖስታ ሳጥኑ ድረስ ወሰድኩት። እጄ እምቢ አለኝ። ለሞተ ሰው እንዴት ይላካል? ታክሲው ዳሽቦርድ ውስጥ ከተትኩት። ነገ።

ሰኔ 2

ሁለት ሆኑ። አንዱንም አልላኩም።

«አባባ ለምን ዘገየ?» አለችኝ። የፖስታ ነገር አልኳት። ውሸት እንዲህ ይቀለኛል ብዬ አላውቅም ነበር።

ሰኔ 9

ሮማን አበባ ይዛ መጣች። ሮዝ ነው፣ አራት የአበባ ቅጠል ያለው። ከባሕሩ በላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው የሚበቅለው።

«ፌርዌል ቱ ስፕሪንግ ነው ስሙ» አለች። «ሣሩ ሲደርቅ፣ ሌላው አበባ ሁሉ ሲያልቅ እሱ ይፈነዳል። ፀደይን ሊሰናበት ማለት ነው። ለአባባ በአማርኛ ምን ብዬ ልጻፍለት?»

«የፀደይ ስንብት።»

«ይሄማ የሬዲዮ ፕሮግራም ነው!»

ተሳሳቅን። ትንሽ አሰብኩና ፀደይ ሸኚ አልኳት። እጇን አጨበጨበች።

«ኦኬ! ይሄን ይወደዋል። ፀደይ ሰኔ ሃያ አምስት ያልቃል ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው። የፈረንጆቹ አበባም ሳያውቀው በኛ ቆጠራ ይሄዳል በለው!»

ለአንድ ደቂቃ ረስቼው ነበር። ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰኔ 10

ሦስት።

ሰኔ 19

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ከሐኪም ቀጠሮዋ ስንመለስ ቤንዚን ልቀዳ ወረድኩ። ሶፍት ፍለጋ ዳሽቦርዱን ከፈተች። ከፍዬ ስመለስ ሦስቱም ደብዳቤ ጭኗ ላይ ናቸው።

«ለምን አልላክሃቸውም?»

ረሳሁ ማለት እችል ነበር። ሰነፍ ነኝ፣ ስድብ ይገባኛል ማለት እችል ነበር። ስንት ሳምንት ሙሉ ስዋሽ ከርሜ ያን ጊዜ አፌ ተያዘ። ፊቴን አየችው… «መቼ?» አለችኝ።

ማደያው መሃል ጮኸች። የሚደግፋት ሴት የለ፣ አብሯት የሚያለቅስ የለ። ከኋላችን የቆመው መኪና ክላክስ ይነፋል። እኔ ቁልፉን ይዤ ቆሜያለሁ።

ሰኔ 22

ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። ጋሼ በሰው ፊት «አንዲት ነገር መያዝ አቃተህ!» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ፋንታዬ፣ የሮማን አብሮ አደግ፣ ከኤቨረት ከተማ መጥታ ከጎኗ አልነሳ ብላለች። ፅንሱ ደህና ነው፣ ይንቀሳቀሳል ያለችኝ ፋንታዬ ናት። ሮማን አልነገረችኝም። አንዴ ብቻ ነው ያናገረችኝ።

«ስሙን አብረን ስንፈልግ… ያኔ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«አብረኸኝ ስቀሃል።»

ላንቺ ብዬ ነው ልላት አሰብኩ። ለሷ ነው ወይስ ስታለቅስ ማየት ፈርቼ? እኔም አላውቅም።

ሰኔ 26

ፀደይ ትናንት አለቀ፣ በአባቷ ቆጠራ። ለቀስተኛውም ተበትኗል።

ጠዋት አንዱን ፖስታ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ስለ አበባው የጻፈችው ነው።

«ላከው።»

«ሮማን፣ ማን ያነበዋል?»

«አንተ ብቻ ላከው።»

ጥጉ ድረስ ሄጄ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። በመስኮት ታየኛለች። ስመለስ ሻንጣዋን ይዛ ታክሲው ጋ ቆማለች። ወዴት ነው ልላት አልደፈርኩም። የፊቱን በር ከፈትኩላት።

እሷ የኋላውን ከፍታ ገባች።

«ኤቨረት» አለች። «ፋንታዬ ጋ።»

መንገዱን ሙሉ በመስታወት ሳያት ነበር። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ውጭ ውጭውን ታያለች። ደረስን። ሻንጣዋን አወረድኩላት።

«ታንክ ዩ» አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ።