ከድንጋዩ ጋር የመጣው እንግዳ

ኅዳር 3፣ ጠዋት
ውኃው ዛሬም ጎድሏል። ጨው በጥብጬ ሞላሁ። ባሕር ያለ ጨው ባሕር አይሆንም። ብርቱካናማዋ ዓሣ ሞታ ተንሳፍፋለች። አንዲት ቀረች።
ደብተሬ፣ ይኸ የመስተዋት ሣጥን የልጄ የደሳለ ነው። ዓሣውንም ድንጋዩንም ከጅቡቲ በመኪናው ጭኖ አመጣው። መካነ ሰላም ላይ ባሕር ያለው ቤት የኔ ብቻ። ነሐሴ ላይ ሊጭን ሲወጣ፣ አባዬ፣ ባሕሬን አደራ አለኝ። የተመለሰው አስከሬኑ ነው።

ኅዳር 5
ጉድ! ከድንጋዩ ሥር አንድ ነገር አፉን ከፈተ። ሁለት ቅርፊት፣ እንደ ባቄላ ክክ የሚገጥም። በስንጥር ነካ ሳደርገው ጥርቅም። ዓሣ አይደል፣ ትል አይደል። ደሳለም አላየውም፤ ቢያየው ይነግረኝ ነበር። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጣ። ሳይጠራ የመጣ የእግዜር እንግዳ ነው። አይባረርም።

ኅዳር 8፣ ከሰዓት
እኅቴ ወርቄ መጣች፣ አፍንጫዋን ይዛ። «አብሽሩ ወንድም ጋሼ፣ ግን ይኸን ግማት ይድፉልኝ። ክንፍና ቅርፊት የሌለው እርኩስ ነው።» ቅርፊትማ ሁለት አለው አልኳት። ደግሞስ ልበላው ነው? «እሱ ነው እንጂ እርስዎን የሚበላዎት» አለች። ሳቀች። ወዲያው ዓይኗ እንባ አቀረረ። አልደፋም።

ኅዳር 10
ሁለተኛዋም ሞተች። እንግዳው ተዘግቶ ዋለ። ውኃው ጎደለ፣ ጨው በጥብጬ ሞላሁ።

ኅዳር 11፣ ማታ
ሽሮ ጥጄ ረሳሁት። ተንተክትኮ ወፈረ። ብቀምሰው ጨው ሆኗል። ውኃ ጠብ ላደርግበት ጣሳ አነሳሁ። እጄ አየር ላይ ቀረ።
ወጥ ሲመጥ ጨው ይጨመራል? የሚተነው ውኃው ነው፤ ጨውማ የት ይሄዳል። ሮጬ ሣጥኑን ቀመስኩ። ምላሴን ላጠኝ። በየቀኑ ጨው፣ በየቀኑ ጨው። እኔ ነኝ የፈጀኋቸው። ሟቿ ባለቤቴ ብትኖር እንዲህ አልሆንም ነበር።
ንጹሕ ውኃ በጣሳ፣ በትንሽ በትንሹ ጨመርኩ። እንግዳዬ፣ እባክህ ክፈት።

ኅዳር 13፣ ጎህ
ከፍቷል! አፉን ወለል አድርጎ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ነካሁት። አልተዘጋም። ደግሜ ነካሁት።

ኅዳር 13፣ ቀን
ውኃውን ጓሮ አልደፋም፣ ጨው መሬት ያመክናል። እዚያው ይቀመጥ።
እንግዳ በቤትህ ከሞተ ቀባሪው አንተ ነህ። በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬዋለሁ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ቤ/ክ ግቢ፣ ደሳለ እግር ሥር እቀብረዋለሁ። ወርቄ አበደ ትላለች። ትበል። ለደሳለም እዚያው እነግረዋለሁ። ባሕርህን የፈጀው ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ በየቀኑ ጨው…