ዝምታዬ እሺታ እንዳይባል

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ ተሻለዎት ወይስ ዛሬም ከወንበር የሚነሱት ግድግዳ ይዘው ነው? ሳሉስ? መድኃኒቱን ኪስዎ ውስጥ እንደሚደብቁት እማዬ ነግራኛለች፤ እኔ ግን እንዳልሰማሁ ልለፈው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብቻ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህችን ወረቀት አልጋ ላይ ጀምሬያት አሁን መስኮቱ ጋ ቆሜ እጽፋለሁ። አብራኝ የምታድረው የሕግ ተማሪ፣ "ኧረ አንቺ ልጅ እርጊ፣ እኔንም አዞርሽኝ" ብላ መጽሐፏን ይዛ ወጥታለች።

ሰሞኑን በክፍላችን የድርድር ልምምድ ነበረን። እያንዳንዳችን አንድ አገር ወክለን ስለ ወንዝ ውኃ እንከራከራለን። በዲፕሎማሲ ሙያ አንድ አሠራር አለ፤ ረቂቅ ይታደልና ሰዓት ይቆረጣል፣ እስከዚያ ድረስ የሚቃወም ካልተገኘ ሁሉም እንደተስማማ ተቆጥሮ ይጸድቃል። ረቂቁን ያዘጋጁት አብረውን የሚማሩ፣ የእርስዎ እኩያ የሆኑ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። እኔ የወከልኩትን አገር ውኃ ጥም ላይ የሚጥል ነገር መጻፋቸውን አይቻለሁ። ግን ትልቅ ሰው በሰው ፊት እንዴት ብዬ ላርም? አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ። ሰዓቱ አለቀ፣ ረቂቁም ጸደቀ። ሽማግሌው ራሳቸው ደንግጠው፣ "ልጄ፣ እኔ እኮ አብዝቼ የጠየቅኩት ትከራከሪኛለሽ ብዬ ነው" ሲሉኝ ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

የሚያብሰለስለኝ ወንዙ አይደለም፤ የቤታችን ምሳ ነው። ለእረፍት የመጣሁ ጊዜ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ እርስዎ "ልጄ ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ፈተና ትቀመጣለች፣ አምባሳደር ትሆናለች" ሲሉ ዳቦ መቁረሴን ቀጠልኩ እንጂ ቃል አልወጣኝም። ይኸው አጎቴ በደወለ ቁጥር "ክብርት አምባሳደር" ይለኛል። እርስዎም እሺ እንዳልኩ ይዘውታል። የፈተናው ምዝገባ ደግሞ ነገ ይዘጋል።

አባዬ፣ አልተመዘገብኩም፤ አልመዘገብምም። ለሥራ ልምምድ የወጣሁበት፣ በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግ ድርጅት፣ ስትመረቂ እዚሁ ሥሪ ብሎኛል። ቢሮው ድንበር አጠገብ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ሲዘንብ ስልክ አይሰማም። አንዲት እናት ልጇን ከማዶ ካምፕ አግኝቼ በስልክ ሳገናኛት፣ ያን ሁሉ ጊዜ አልቅሳ መጀመሪያ የጠየቀችው "በልተሃል?" ብላ ነው። እዚያ ቢሮ፣ ስልኩ አጠገብ ስቀመጥ ብቻ እግሬ ያርፋል። ባንዲራ ያለበት መኪና እንደማይሰጡኝ አውቃለሁ። በእኔ ምክንያት ሰው ፊት እንዳያፍሩ ግን እፈራለሁ፤ በጣም እፈራለሁ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ታናሽ እህቴ አልጋዬን ትውሰድ፣ መጻሕፍቴን ግን አትንካ። አጎቴን፣ ክብርት አምባሳደር ሹመቷን መልሳለች ይበሉልኝ፤ መሳቁ አይቀርም።

እኛ ክፍል ዝም ያለ ሰው ተስማማ ይባላል። እርስዎ ዝም ሲሉ ግን ተቀይመው እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ስለዚህ ይቆጡኝ፣ ደውለው ይጩኹብኝ፤ ዝም ብቻ አይበሉኝ።

የማትረጋው ልጅዎ

ከሴት ተማሪዎች ማደሪያ፣ መስኮቱ ሥር
ግንቦት ፲፱ ቀን