ከሳጥኑ በኋላ የመጀመሪያው እሁድ

ቡርኒ፣ ታዝማኒያ
ማክሰኞ፣ ማርች 12 ቀን 2019

የእኔ ግሌንዳ፣

ወገብሽ እንዴት ሆነ? የኬርንስ ሙቀት እንደተስማማሽ እህትሽ በስልክ ነግራኛለች። እዚህ ዝናቡ አላባራም፤ እኔ ግን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ደስ ብሎኛል። ምክንያቱን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

«ወይ እኔ ወይ ያ ሳጥን» ብለሽ ከሄድሽ ስድስት ወር ሆነ አይደል? ሳጥኑን ተውኩት። አዎ፣ ያንን ሠላሳ አምስት ኪሎ የጊታር ድምፅ ማጉያ! አሁን ያለኝ የሳጥኑን ሥራ የሚሠራ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ነው፤ የአንድ ጥቅል ቅቤ ያህል ቢሆን ነው። ጊታሩን እሱ ላይ እሰካለሁ፣ እሱን ደግሞ በቀጥታ የመጠጥ ቤቱ ድምፅ መቀላቀያ ሚክሰር ላይ፤ ድምፁ በቤቱ ስፒከሮች ይወጣል። በኮቴ ኪስ ይዤው ነው የምገባው።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ወደቡ አጠገብ ባለው መጠጥ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከርኩት። ከበሮ መቺያችን ኖርም፣ አመሉን ታውቂው የለ፣ ገና ሲያየኝ ጀመረ።

«መርቭ፣ ሳጥኑስ? ሞተ እንዴ?»

«ጡረታ ወጣ።»

«አንተስ መቼ ነው የምትወጣው?»

ሁለተኛው ዘፈን ላይ ድምፄን ከፍ ላደርግ እንደ ልማዴ ወደ ኋላ ዞሬ ሳጥኑ ይቆምበት ወደነበረው ቦታ እጄን ብሰድ አየር ጨበጥኩ። ኖርም ከበሮውን ሳያቋርጥ «ማንን ነው የምትፈልገው? ግሌንዳ የለችም!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ግን ከፋኝ።

ያ ሁሉን አውቃለሁ ባዩ ግራም ደግሞ ሳጥኑ አለመኖሩን እንኳ ሳያስተውል ስንጨርስ መጥቶ «የድሮ ማጉያን የሚያህል የለም! ዛሬማ ድምፁ ልዩ ነበር» አለኝ። አላረምኩትም። ቢራ ጋበዘኝ፣ ጠጣሁለት።

ሳጥኑን ትናንት ለዓሣ አጥማጆቹ ክበብ ሰጠሁት። ሁለት ፈርጣማ ሰዎች መጥተው ተሸከሙት፤ ደረጃው ላይ ብቻ ሁለት ጊዜ አሳረፉት። አንደኛው ላቡን እየጠረገ ዞር አለና፣

«ወዳጄ፣ ይሄንን ከአንተ ጋር ማን ነበር የሚሸከመው?» አለኝ።

«ሚስቴ።»

«ስንት ዓመት?»

«ሃያ ሁለት።»

አየት አደረገኝና ሸክሙን አነሳ።

ግሌንዳ፣ አፍሬያለሁ። አንድ ቀን እንኳ «አመመሽ ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁሽም። «ቀስ በይ፣ ሳጥኑ እንዳይጫር» ነበር የምልሽ። ይቅር በይኝ።

የፋሲካ ዕለት ከሰዓት እዚያው እንጫወታለን። ያን ሁሉ ዓመት ከመድረኩ ጀርባ ዕቃ ስትጠብቂ ኖርሽ እንጂ አንድም ቀን ከፊት ተቀምጠሽ ሰምተሽኝ አታውቂም። ስለዚህ ከፊት ያለውን ጠረጴዛ በስምሽ አስይዣለሁ። ባትመጪም ሌላ ሰው አላስቀምጥበትም።

እግዜር ወገብሽን ይማርልኝ።

አሁንም ባልሽ፣
መርቭ