ለማዳን ሥልጣን ለሌላቸው፣ ለመክሰስ ግን ለተገኘላቸው ለገሚሾ ወረዳ ምክትል አስተዳዳሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ዘንድሮ ክረምቱ በደጋው ላይ ስለበረታ የቢሮዎ ጣሪያ እንዳያፈስብዎ፣ ጫማዎንም ጭቃ እንዳይነካብዎ የሸጎሬ ቀበሌ ሕዝብ በየጸሎቱ ሲያስብዎ ከርሟል። እኛ አንድ ሰው ከመቅበራችንና ቤታችን አፈር ውስጥ ከመቅረቱ በቀር በጣም ደህና ነን፤ ጌታ ይመስገን።

ስሜ ጵርስቅላ ማቴዎስ ይባላል። በሸጎሬ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። አባቴን አያውቁት ይሆናል፤ እርስዎ አሁን በመኪና የሚገቡበትን የወረዳ ግቢ በር ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀ ዘበኛ ነበር። ወንድሜን ብሩን ግን በሚገባ ያውቁታል፤ ያሳሰሩት እርስዎ ነዎት።

ለምክትልነት ያለኝ አክብሮት ከአባቴ የወረስኩት ነው። አባቴ በሦስት መንግሥት ዘመን ምክትሎችን በቅርብ አይቷል። በጃንሆይ ጊዜ ገዥው አብዛኛውን ዓመት አዲስ አበባ ስለሚቀመጡ ባለጉዳይ የሚያገኘው ምክትላቸውን ነበር፤ እሳቸውም «ጌታዬ ሲመጡ» ብለው ያሰናብቱታል። በደርግ ጊዜ ምክትሉ ካኪ ለበሰና «ከበላይ መመሪያ ሲመጣ» ማለት ጀመረ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሱፍ ለብሰው «በሂደት ላይ ነው» አሉ። ልብሱ እየተቀየረ መልሱ ግን ሳይለወጥ እዚህ መድረሱን ስናይ፣ መሥሪያ ቤቱን የመሰለ ወግ አጥባቂ በአገሩ እንደሌለ እንረዳለን።

እውነቱን ለመናገር፣ አባቴ አንድ ወጣ ያለ ምክትል አጋጥሞት ነበር። በድርቁ ዓመት የወረዳው ሊቀ መንበር ለስብሰባ እንደሄደ ቀረ፤ ሰውም በግቢው አጥር ሥር መውደቅ ጀመረ። ያኔ ምክትሉ አባቴን ጠርቶ «ማቴዎስ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ አምጣ» አለው። አባቴ «ጓድ፣ ትእዛዝ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው «አሁን ሰጠሁህ እኮ» አለው። እህሉ ታደለ። ሰውየው ወር ሳይሞላ ከቦታው ተነሳ፤ ሻንጣውን እስከ አውቶቡሱ ድረስ የተሸከመለትም አባቴ ነበር። ይህን የምነግርዎ መሥሪያ ቤትዎ አንዴ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቶ እንደነበር እንዲያውቁትና እንዳይደገም እንዲጠነቀቁ ነው። መጠንቀቅዎንም አይተናል።

እንግዲህ ቅሬታዬን በደንቡ መሠረት በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. በሰኔ መጨረሻ ከሸጎሬ በላይ ያለው ተራራ ተሰነጠቀ። ብሩ እንሰቱ መሐል ምንጭ ፈልቆ ስላገኘ ሽቅብ ወጥቶ ሲያይ፣ መሬቱ ክንድ በሚያስገባ ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ተከፍሏል። ከሆሳዕና ከተማ የመጣው የመሬት ባለሙያም አይቶ «ዝናቡ ሳይጠነክር ሰዎቹን ከዚህ አውርዷቸው» አለ። የሚወርዱበትን መፈለግ እንኳ አላስፈለገም፤ ሜዳው ላይ ያለው የወረዳው አዳራሽ ከስልጠና ወደ ስልጠና ባዶውን ተቆልፎ ይውላል። ብሩና የቀበሌው ሽማግሌዎች ወደ እርስዎ መጡ። ሻይ አዘዙላቸው፤ ስለ ሻዩ ዛሬም እናመሰግናለን። ከዚያ «አስተዳዳሪው ስልጠና ላይ ናቸው። እኔ ምክትል ነኝ፤ እንዲህ ያለ ውሳኔ ከእኔ በላይ ነው» አሏቸው።

፪ኛ. አስተዳዳሪው ከስልጠናው ሳይመለሱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፤ እርስዎም ተጠባባቂ አስተዳዳሪ ሆኑ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። አሁንማ ከላይዎ ማንም የለም ብለን እንደገና ስንመጣ፣ በዚህኛው ጊዜ እኔም ነበርኩ፣ «ተጠባባቂ ማለት የሚጠብቅ ማለት ነው፤ መምህር አይደለሽም እንዴ?» ብለው በሰዋስው አረሙኝ። በዚያው ሳምንት ተጠባባቂነትዎ ሳያግድዎ የአስተዳዳሪውን መጋረጃ አስቀየሩ፤ በወንበራቸው ተቀመጡ፤ የእግር ኳስ ዋንጫም ሸለሙ። አዳራሹን የሚከፍት ቃል ግን ከሥልጣንዎ ውጭ ሆኖ ቀረ።

፫ኛ. በሐምሌ አጋማሽ በድምፅ ማጉያ መኪና ሸጎሬ ድረስ መጡ። ለድካምዎ እግዚአብሔር ይስጥልን። ድምፃችንን ሲፈልጉ በቋንቋችን በሀዲይሳ «እናቶቼ፣ አባቶቼ» እያሉ ያናገሩን ሰው፣ ያን ቀን በአማርኛ ብቻ «የሰፈራ ትእዛዝ ሳይደርስ ከቤቱ የሚወጣ፣ በመንግሥት ይዞታም የሚገባ ሕገወጥ ነው! ሁሉም በየቤቱ ይቆይ!» ብለው ተመለሱ። እናታችን ፋንታዬ አማርኛው ስለሚከብዳት «ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ የተረጎምኩላት። አንድ ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

አራተኛ ብዬ ለመቀጠል አስቤ ነበር። ክቡርነትዎ ይቅር ይበሉኝና ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥር አይቀበልም፤ እንደሆነው አድርጌ ልንገርዎ።

ዝናቡ ለሁለት ቀን ሳያባራ በወረደበት አርብ ጠዋት ከተራራው ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ። ብሩ ያን ጊዜ ወደ እርስዎ አልመጣም። ቤት ለቤት እየዞረ በር ደበደበ፤ ሕፃን ያለው ሕፃኑን፣ ላም ያለው ላሙን ይዞ ቁልቁል ወረደ። አዳራሹ ጋ ሲደርሱ ዘበኛውን ቁልፍ ቢጠይቁት ሰውየው እያለቀሰ «ቁልፉ ምክትሉ ጋ ነው» አለ። ስልክ ደወሉልዎ፤ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባለ። ብሩ መጥረቢያ ተቀብሎ ጓጉንቸሩን ሰበረና ሕዝቡ ገባ።

እናቴ ከእኔ ጋር እስከ በሩ መጥታ ነበር። የተሰበረውን ጓጉንቸር መሬት ላይ ስታይ ቆመች።

«ማን ነው የሰበረው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እማ። ግቢ፣ እየበሰበስሽ ነው» አላት ብሩ።

«አባትህ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን የመንግሥት በር አንተ በመጥረቢያ? ሰውየው በየቤታችሁ ቆዩ ብሎን የለም? መንግሥት እኮ ነው የተናገረው።»

ለመንናት፤ እጇን ይዤ ጎተትኳት። «በተሰበረ በር አልገባም። ትእዛዙ ሲመጣ እኔም ከሰው ጋር እመጣለሁ» ብላ ጋቢዋን ተከናንባ ሽቅብ ተመለሰች። ብሩ ከኋላዋ ሊሄድ ሲል፣ አልጋ ላይ የዋሉ ሁለት ሽማግሌዎች ገና አልወረዱም ነበርና ለእነሱ ተጠራ። «እነሱን ላውርድና ተሸክሜም ቢሆን አመጣታለሁ» አለኝ። ሽማግሌዎቹን አወረደ። ወደ እናቴ ሲወጣ መንገድ ላይ እያለ ተራራው ወረደ።

ድምፁን አልገልጽልዎትም። ከሸጎሬ ላይኛው ሰፈር የቀረ ቤት የለም። ሰው ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ስለነበር ግን ሁሉም ተረፈ፤ ከአንድ ሰው በቀር። እርስዎን ያመነችው እሷ ብቻ ነበረች።

በማግስቱ በካሜራ ታጅበው መጡ። ፈጣን ምላሽ ማለት ይህ ነው። ብሩ እናታችንን ፍለጋ በእጁ አፈር ሲቆፍር አድሮ ገና ሳያቆም፣ እርስዎ በአዳራሹ ደጅ ብርድ ልብስ እያደሉ «መንግሥት አስቀድሞ ባዘጋጀው መጠለያ የሕዝባችንን ሕይወት መታደግ ችለናል» ሲሉ ሰማሁ። ጓጉንቸሩ አሁንም በእግርዎ አጠገብ ወድቆ ነበር። እናታችንን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ሁለት ፖሊሶች ለቅሶ ቤት መጥተው ብሩን «የመንግሥት ንብረት በመስበርና ሕዝብ በማነሳሳት» ብለው ወሰዱት። የክሱን ደብዳቤ የፈረሙት እርስዎ መሆንዎን ስናውቅ፣ በሐዘናችን መሐል እጅዎ መሻሉን ሰምተን እግዚአብሔርን አመሰገንን፤ ክረምቱን ሙሉ መፈረም አቅቶት የነበረ እጅ ነውና።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰምተው ይሆናል፤ ካልሰሙ ደግሞ እኔ ልንገርዎ። በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታችን ትርፊት ልጇን አዝላ ፖሊስ ጣቢያ ሄደችና «እኔም በዚያ በር ገብቻለሁ፣ እሰሩኝ» አለች። ቀጥሎ ባሏ መጣ። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን፣ ቀጥሎ ብሩ ያወረዳቸው ሁለት ሽማግሌዎች በቃሬዛ። ከሰዓት በፊት የሸጎሬ ሰው በሙሉ ጣቢያው ደጅ ላይ ተሰልፎ መታሰርን እንደ ራሽን ይጠይቅ ጀመር። የጣቢያው አዛዥ ግራ ቢገባው ለእርስዎ ደወለ። የስልኩን ድምፅ ከፍቶት ስለነበር መልስዎን ሁላችንም ሰማነው። «ይህን እኔ አልወስንም፤ አዲሱ አስተዳዳሪ ሲሾሙ ጠይቃቸው» አሉት።

አዛዡ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ «እንግዲያው እኔ እወስናለሁ» ብሎ ብሩን በዋስ ለቀቀው። ዋስ ለመሆን እጁን ያወጣው ብዙ ስለነበር ለመምረጥ ተቸገረ።

ብሩ አሁን እኔ ጋ ነው። ጥፍሮቹ ገና አልዳኑም፤ ብዙም አያወራም። አንድ ቀን ብቻ «መጀመሪያ እሷን ተሸክሜ ሽማግሌዎቹን ብተዋቸው ኖሮ፣ ይሻል ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚህ ጥያቄ መጠየቅ የነበረብዎ እርስዎ ነዎት፤ ወንድሜ ግን እርስዎን ተክቶ ሌሊቱን ሙሉ ይጠየቅበታል። ክሱም ገና አልተዘጋም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ካሳ አይደለም፤ ብርድ ልብሱም ይበቃናል። ያው የድምፅ ማጉያ መኪና ወደ ሸጎሬ አንድ ጊዜ ይውጣና፣ በየቤታችሁ ቆዩ ያልኩት እኔ ነኝ፣ በሩን መክፈት የነበረብኝም እኔ ነኝ ብለው ይናገሩ። በሀዲይሳ ይሁን፤ ዛሬ አስተርጓሚ መሆን አልችልም።

ለውድ ጊዜዎ፣ ለሻዩ፣ ለሰዋስው ትምህርቱና ለወንድሜ በመንግሥት ወጪ ለሰጡት ማረፊያ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ሥልጣንዎ እንዲሰፋ ሳይሆን ያለዎት እንዲታወቅዎ እጸልያለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ጵርስቅላ ማቴዎስ
ቀድሞ ከሸጎሬ፣ አሁን ከአዳራሹ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ከጽሕፈት ቤትዎ የጥሪ ካርድ ደረሰን። በመጪው እሁድ በእርስዎ የክብር እንግድነት ለተጎጂዎች በሚደረገው የምስጋና ፕሮግራም ላይ «ወይዘሮ ፋንታዬ በሰዓቱ እንዲገኙ፣ መገኘት ካልቻሉም ተወካይ እንዲልኩ» ይላል። እናቴ መገኘት አትችልም። ተወካይም አትልክም፤ እሷ ምክትል አልነበራትም።