ዝም ያልኩበት ሽቦ

ሰኞ

አይሰማም። የእሱ ሞተር ሲዞር አይሰማም! እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ይሄዳል ይመጣል፤ ኮሽታ የለም።

መምህር ዳንኤል ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ ኮሌጃችን ከገባ ገና ዓመቱ ነው። እኔ እዚሁ ወርክሾፕ ረዳት ሆኜ ስምንት ዓመቴ። ሁለታችንም ጥለት የሚስል ማሽን እየሠራን ነው። ልዩነታችን ድራይቨሩ ላይ ነው፣ ሞተሩን አንድ አንድ እርምጃ እያስረገጠ የሚያዞረው ሰርኪት ላይ። በየማሽኑ ሁለት ሞተር፣ ለየሞተሩም የራሱ ድራይቨር አለው። የእሱ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ የመጣ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል። የእኔ መዳፍ ሙሉ ነው፦ ከሞቱ ፕሪንተሮች የተነቀሉ ትራንዚስተሮች፣ ዲዮዶች፣ ቁራጭ ጣውላ። አንደኛው ሞተሬ ደህና ነው። ሁለተኛው ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዞርም።

ዛሬ ወይዘሮ ዘሃራ መጡ። ገበያው ዳር ያለው የልብስ ስፌት ሱቅ የሳቸው ነው። የቀሚስ አንገት ላይ ጥለት የሚነድፍላቸው ማሽን ይፈልጋሉ። ሐሙስ ነጭ ጨርቅ ይዘው መጥተው ከሁለቱ አንዱን ሊመርጡ ነው። የእሱን ቆመው አዩት። ወደ እኔ ዞር ብለው ግን፣ "አይ ልጄ፣ ይሄስ ብርድ ይዞታል" አሉ። ዳንኤል ሳቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሽቦዎቼን ትኩር ብሎ አያቸውና ምንም ሳይል ሄደ።

ቀናሁ። እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው?

ማክሰኞ

ዞረ! ሁለት ሽቦዎች ቦታ ተቀያይረው ኖሯል። እኔ ስንት ቀን ትራንዚስተር ስጠረጥር። ማንም አላየልኝም፤ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ግን ድራይቨሩ ይግላል፣ ጣት አያስነካም። የአሮጌ ድስት ክዳን ቆርጬ ሙቀቱን እንዲወስድለት ከጀርባው አሰርኩለት። አሁን ይሻላል። የሞተሩ ድምፅ ግን፣ ኧረ ድምፁ! ወፍጮ ቤት ነው።

ዳንኤል ክዳኑን አይቶ "እህት ዓለም፣ ወጡ መቼ ይደርሳል?" አለ። አብሬው ሳቅሁ። የተናደድኩት ቤቴ ስገባ ነው።

ረቡዕ

ጥፋት ሠርቻለሁ።

ረፋዱ ላይ ዳንኤል አንዱን ሞተር ሊቀይር ፈለገ። የድራይቨሩ ቀይ መብራት እንደበራ ነው። ኃይሉን ሳያጠፋ እጁን ወደ ሞተሩ ሽቦ ሰደደ። ኃይል እያለ ያ ሽቦ ከተነቀለ ድራይቨሩ እንደሚቃጠል አውቃለሁ፤ እኔው ራሴ ስንቱን በዚህ ገድያለሁ። "ተው!" ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

ነቀለው። ጠቅ አለ። የተቃጠለ ሽታ መጣ።

"የሰቆጣ መብራት በላብኝ!" አለ ራሱን ይዞ።

"መብራቱማ አመሉ ነው" አልኩ። ተወልጄ ያደግሁበትን ከተማ መብራት በሐሰት ወነጀልኩ፤ ያውም ዛሬ አንዴም ሳይጠፋ።

እስከ ምሳ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው የምጽፈው። ምሳው ግን አልወርድ አለኝ። እስከ ነገ ሌላ ከየት ያመጣል? የተቃጠለውን በጥፍሩ ሲፍቅ ዋለ።

ሐሙስ

ጠዋት የእኔን ሞከርኩት። ሞተሮቹ ይዞራሉ፣ መስመሩ ግን ይወላገዳል፤ የማሽኔን አካል የሠራሁት ከጠረጴዛ መሳቢያ ስለሆነ ይወዛወዛል። የዳንኤል ቀጥ ያለ ብረት ነው። የእኔ ድራይቨር በእሱ ማሽን ላይ ቢገባስ? ከዚያ በፊት ግን ልነግረው የሚገባኝ ነገር አለ።

ሄጄ ነገርኩት። "ትናንት ሽቦውን ልትነቅል ስትል አይቼህ ነበር። እያወቅሁ ዝም አልኩ። መብራቱ አይደለም።"

ሊሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"እኔም ሰኞ ሽቦዎችሽ መቀያየራቸውን አይቼ ነበር" አለ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"እኔ ገዝቼ የምገጥመውን አንቺ ከወዳደቀ ዕቃ ትሠሪዋለሽ። ለምን ብዬ ልንገርሽ?"

በእኔ የሚቀና ሰው! ልስደበው ወይስ ልሳቅ? ድራይቨሬን ከነክዳኑ አምጥቼ በተቃጠለው ቦታ ገጠምን። ኃይሉ መጥፋቱን ሁለታችንም ሁለት ሁለቴ አየን።

ከሰዓት ወይዘሮ ዘሃራ መጡ። ማሽኑ ነጩ ጨርቅ ላይ ጥለቱን ቀጥ አድርጎ ነደፈው፣ አንዱ ሞተር ዝም ብሎ፣ አንዱ እየጮኸ።

"ድምፁን ይቅር ይበሉን" አልኳቸው።

"ያረቢ፣ ምን ገዶኝ! ጓዳ ሆኜ መሥራቱን እሰማው የለ? ይሄንኑ እወስዳለሁ። የማናችሁ ነው?"

የሁለታችን ነው ልል ነበር። እውነቴን ነው፣ ልል ነበር።

"የእሷ ነው" አለ ዳንኤል።

ቀደመኝ። በዚህም ቀናሁበት።