ውሃው የሚመለስበት ዳርቻ

ደምስዬ፣

ከተለየኸኝ ሦስተኛው ዓመት ሊገባ ነው። ሌላው ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎህ ያልፋል፤ እኔ ግን አሁንም ስናደድ የምጨቃጨቀው ካንተ ጋር ነው። ዛሬ አልተናደድኩም፤ ፈርቻለሁ። የምነግረው ሰው ደግሞ የለኝም፤ ጎረቤት ከሰማ ቀበሌ ይሰማል። ስለዚህ ይህን ጽፌ መቃብርህ ላይ አነብልህና ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ጣሪያው ያፈስ የነበረበት ጋ አዲስ ቆርቆሮ ተመትቷል። የስፌት መኪናዬን ከጓዳ አውጥቼ በር ላይ አድርጌዋለሁ፤ የምሰፋው በአብዛኛው የወታደር ሱሪ ነው። ያቺ ቀበጥ ፍየልህ መንታ ወለደች። ጫማህን ለማንም አልሰጠሁም። ስጪው ሲሉኝ አቧራውን ጠርጌ ቦታው እመልሰዋለሁ።

ልጃችን አስቴር ከባሏ ጋር በሞያሌ ከተሻገረች ወዲህ አላየኋትም። ያለ ፈቃድ ስለወጣች መመለስ አትችልም፤ እዚህ «ከዳተኛ» ነው የሚሏት። ባለፈው ሰሞን ኦቦ ጃርሶ፣ ያ የመጨረሻውን መንገድ አብሮህ የሄደው ሾፌር፣ ድምጿን የቀዳችበትን ካሴት አመጣልኝ። መጋረጃውን ዘግቼ፣ ጆሮዬን ቴፑ ላይ ለጥፌ ሰማሁት። ሞምባሳ ነው ያሉት። ባሏ ለእረፍት ዛንዚባር ወደሚባለው ደሴት ሊወስዳት ነው፤ እኔም አብሬያቸው እንድሄድ ትፈልጋለች። ጃርሶ በጭነት መኪናው እስከ ሞያሌ ያደርሰኛል፤ ከዚያ እንደ ገበያተኛ ዘንቢል አንጠልጥሎ መሻገር ነው። «እማዬ፣ እኔ እንደሁ መምጣት አልችልም» አለች።

ቀጥላ ከደሴቱ ከተማ፣ ከሰሜኑና ከምሥራቁ ዳርቻ የምናርፍበትን ቦታ እንድመርጥ ነገረችኝ። ቤቱ ቀድሞ መያዝ ስላለበት፣ ጃርሶ ሐሙስ ወደ እነሱ ሲመለስ መልሴን ይዞ መሄድ ነበረበት።

አይ አንተ! እኛ በዚህ ደሴት ስንት ተከራክረናል። መኪናህ ውስጥ ሆነን የስዋሂሊ ዘፈን ከሬዲዮ እየሰማን፣ አንድ ቀን ባሕር አሳይሻለሁ ትለኝ ነበር። ከሞምባሳ ሾፌሮች የሰማኸውን ይዘህ፣ የደሴቱን ሰሜን፣ ጥልቁን ትመርጥ ነበር። እኔ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ አልገባም ስልህ በሳቅ መሪውን ትለቀው ነበር። ያኔ ውሃ የሚያስቀን ነገር ነበር።

አሁን ግን የአስቴርን ድምፅ እየመለስኩ እየሰማሁ በፍርሃት መረጥኩ። ከተማውን ተውኩት፤ ባሕሩ ግንቡ ሥር ይላተማል ትላለች። ያንተን ሰሜን መስማትም አልቻልኩም፤ እዚያ ውሃው ከዳርቻው አይርቅም። በምሥራቁ ግን ባሕሩ ተነሥቶ ይሄዳል አለች። ሴቶቹ ባዶው አሸዋ ላይ ወጥተው የባሕር ቀንድ አውጣ ይለቅማሉ። ደስ አለኝ። በእኛ አገር ወንዝ አንዴ ከደረቀ እስከሚቀጥለው ዝናብ መንገድ ነው፤ ከብት ይነዳበታል፣ መኪና ያልፍበታል። ጃርሶ ሻይ ሊጠጣ ሲመጣ፣ ውሃ የሌለበትን መረጥኩ ብዬ በኩራት ነገርኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እትዬ፣ ውሃው ይመለሳል እኮ። ያንኑ ዕለት ይመለሳል።»

ደምስዬ፣ አንተ በተለየኸኝ ቀንም ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በሞያሌ መንገድ ያለው ደረቅ ወንዝ አሸዋው ቀዝቃዛ ነው ብለህ ከመኪናው ሥር ጋደም አልክ። ጃርሶ የቦረና ልጅ ነውና የወንዝ አሸዋ ላይ አይተኛም ብሎ ለመነህ፤ እምቢ ስትለው ምንጣፉን ይዞ ወደ ዳሩ ወጣ። ዝናቡ የጣለው ሩቅ፣ ደጋው ላይ ነበር። ጃርሶ ጮኾ ሲጠራህ ጎርፉ ቀድሞታል። ከዚያ ወዲህ ውሃ ባልዲ ውስጥ ሲናወጥ እንኳ ልቤ ይርዳል። ኬላውን እፈራለሁ፤ ብያዝ ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። ግን ላንተ አልዋሽም፤ ከጠመንጃው ይልቅ የምፈራው ያን አሸዋ ነው።

ላልሄድ ቆረጥኩ። ሐሙስ ዕለት ጃርሶ ሲመጣ፣ አሟታል በላት ልለው አፌን ከፍቼ ሌላ ነገር ጠየቅሁት። ባሕሩ ሲመለስ ይጮሃል ወይ አልኩት። ሞምባሳ ዕቃ ሲያደርስ አይቶታልና ትንሽ አሰበ።

«አይጮህም። ሰዓት ግን አለው። ሰዉ ሁሉ ሰዓቱን ያውቃል፤ ሳይደርስ ይወጣሉ። ዋቃ ምስክሬ ነው፣ እንደኛ ወንዝ ሳይታሰብ አይመጣም።»

ይህን ሲል ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። ለካ እሱም አንተን የጠራበት ጩኸት እስከ ዛሬ ይሰማዋል። ምሥራቁን በላት አልኩት።

እንዲህ ስላልኩት ደፋር የሆንኩ እንዳይመስልህ። ይህን ስጽፍ ፊደሉ ከመስመር እየወጣብኝ ነው፤ አይተኸው ትስቅብኝ ነበር። ጃርሶ ተመልሶ ሲመጣ አብሬው እሄዳለሁ። መንገዱ ያንን ወንዝ ያቋርጣል፤ ዓይኔን እጨፍናለሁ ብዬ ነበር፤ አልጨፍንም፤ የተኛህበትን አይቼ አልፋለሁ።

ከያዙኝ፣ ወዴት ልሄድ እንደነበር አንተ ታውቃለህ። ከደረስኩ ደግሞ ባሕሩ ትቶት በሄደው አሸዋ ላይ ከአስቴር ጋር እቆማለሁ። ባሕር አሳይሻለሁ ብለኸኝ የለ፤ ስምህን ጠርቼ አየሁት እልሃለሁ። የትም ብሄድ አልረሳህም። ሰዓቱ ሲደርስ እዚያ ያሉት ሴቶች ይጠሩናል። እኔም ላንተ ያልደረሰልህን ጥሪ ሰምቼ፣ የልጅህን እጅ ይዤ፣ በጊዜ እወጣለሁ።