ለአይጦቹ የተላከው ሰም

ለተከበርከው ወንድሜ ለዶክተር ደሳለ፤

ከእግር ጥፍርህ እስከ ራስ ፀጉርህ፣ የቀረልህ ካለ፣ እንደምን ሰንብተሃል? የሰው አገሩ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ መክሊትስ? መድኃኒት የምትሞክርባቸው አይጦችስ ጤናቸው እንዴት ነው? ደረታቸውን አያማቸውም አይደል? እኛ ከአባባ ደረት በቀር፣ ክብር ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነን።

አምና ከአባባ ቀፎ ሰም ላኩልኝ አልክ። በሰም ውስጥ ቅባታማ አልኮል የሚባል ነገር አለ፤ በሕዋሳችን ውስጥ ደግሞ «ደረትን ክፈት» የሚል መልእክት የያዘውን መልእክተኛ መንገድ ላይ ጠብቆ የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለ፤ አልኮሉ ያን ሽፍታ ከያዘልን መልእክቱ ይደርሳል፣ የታፈነ ደረትም ምናልባት ይከፈታል ብለህ በስልክ ሰበክልን። አባባ ደግሞ ልጃቸው ካለው ውስጥ «ምናልባት»ን ከቁም ነገር ቆጥረውት አያውቁም። ለጊዮርጊስ ጧፍ የተሳሉትን ሳይቀር አቅልጠው ላኩልህ። የኅዳር ማኅሌት በሞባይል መብራት ተቆመ። መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ፣ «ሰርኬ፣ ወንድምሽ ዶክተር ነው አይጥ? ሰሙን በላው'ኮ» አሉኝ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ነጅሚያ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት ለአባባ ብትሰጣቸው፣ የኔን ልጄ እየሠራው ነው ብለው ደጅ ወረወሩት። እኔ ምን ላድርግ? አንስቼ፣ ጠርጌ፣ ነጭ ጋውን ለብሰህ በተነሳኸው ፎቶ ጠቅልዬ «ደሳለ ላከው» አልኳቸው። ተሳለሙት፣ ሳቡት፣ ዳገቱን ያለ ዱላ ወጡት። ምርቃቱ ላንተ ሆነ፤ አክታ የምደፋው እኔ «አንቺ ደግሞ ዞር በይ» ተባልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ከገበያ ሲመለሱ፣ ነጅሚያ ያንኑ መድኃኒት ለጎረቤታችን ለደግሰው ስትሰጥ አዩ። «የልጄን መድኃኒት ሰርቃ ታድላለች!» ብለው በሕዝብ ፊት አዋረዷት። እሷ አልቅሳ ገባች፤ እሳቸው ደሳለ በገዛ እጁ ካልሰጠኝ አልነካም ብለው ማሉ። አሁን ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚተነፍሱት። እውነቱን ብነግራቸው «ቅናት ነው» አሉኝ።

ስለዚህ ደውል። ያዳናቸው የነጅሚያ መድኃኒት እንደሆነ፣ ያንተ ገና ከአይጥ እንዳላለፈ በራስህ አፍ ንገራቸው። ስምህ ትንሽ ይላጣል፤ አይገድልህም።

እናታችን እማማ ብርቄ ጉንጭህን ስማለች። ታናሻችን እሱባለው «የጫማ ቁጥሬን እንዳትረሳ» ብሎሃል። ነጅሚያ ሰላም አላለችህም። አባባ ሊመርቁህ ጀምረው ነበር፣ ሳሉ አላስጨረሳቸውም።

መደወሉ ከከበደህ ሰሙን መልስልን። ለፍትሐት ጧፍ ሳያስፈልገን አይቀርም።

እህትህ ሰርካለም አረጋ
ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.